ሕፃን ይዞ ወደ ውጭ አገር መጓዝ፦ ከፓስፖርት ፎቶ እስከ መጀመሪያዎቹ የእድገት ምልክቶች

ሕፃን ይዘው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ሻንጣ፣ ስለ ዳይፐር ብዛትና ሕፃኑ አውሮፕላን ውስጥ ቢያለቅስ ስለሚሆነው ነገር ነው። ለእነዚህ ሁሉ መላ አለ። ሳይታሰብበት የሚቀረው ግን ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ነገር የሚያሳይበት ዕድሜ ላይ መሆኑና ጉዞው ይህን እድገት ለወላጁ ዓይን ሊያደበዝዘው መቻሉ ነው። ትናንት ሰው ባየ ቁጥር ይስቅ የነበረ ልጅ ከረጅም በረራ በኋላ ለሁለት ቀን ፊቱን ያጨፈግጋል፤ መዳህ ጀምሮ የነበረውም እንደገና ከእቅፍ አልወርድም ይላል። ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች የጉዞውን ዝግጅትና የእድገት ክትትሉን አብረው እንዲሄዱ ያደርጋሉ፤ ሕፃኑ የሚችለው ነገር ከጉዞው በፊት ይመዘገባል፣ በጉዞው ቀናት ለፍርድ አይቸኮልም፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ እንደገና ይታያል።

ጊዜውን መምረጥ

አንዳንድ አየር መንገዶች 7 ቀን የሞላውን ሕፃን ያሳፍራሉ፤ ሌሎች 14 ቀን እንዲሞላው ይጠይቃሉ፤ ለጨቅላ ሕፃን የሐኪም ማስረጃ የሚጠይቁም አሉ። ይህ የሚፈቀደው ዕድሜ እንጂ የሚመረጠው አይደለም። በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ ሕፃኑ የሚያገኘው ኦክስጅን በመጠኑ ይቀንሳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ያለ ችግር ይቋቋማል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የሳንባ ወይም የልብ ችግር ያለበት ወይም በቅርቡ በመተንፈሻ አካል ሕመም የተያዘ ሕፃን ግን ትኬት ከመቆረጡ በፊት በሐኪም መታየት አለበት።

ጊዜውን ለመምረጥ ዕድል ላለው ወላጅ፣ በእኔ አስተያየት ከ3 እስከ 7 ወር ያለው ዕድሜ ከሁሉም ይቀላል። ክትባት ተጀምሯል፣ አንገቱ እየጠነከረ ነው፣ ገና ስለማይድህም ካስቀመጡት ቦታ ብዙ አይርቅም። ከ9 እስከ 15 ወር ያለው ደግሞ ከባዱ ነው፤ መንቀሳቀስ ብቻ የሚፈልግንና ባዳ መለየት የጀመረን ልጅ በረጅም በረራ ጭን ላይ ማቆየት ለልጁም ለአቃፊውም ፈተና ነው።

ሰነዶችን ማዘጋጀት

በአብዛኞቹ አገሮች ሕፃን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ መዳረሻው አገር ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ ቪዛውም ለብቻው ነው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ገና ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከወላጆች አንዱ ብቻውን የሚጓዝ ከሆነ፣ ሌላው ወላጅ መስማማቱን የሚገልጽና በሕጋዊ አካል የተረጋገጠ ደብዳቤ ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር መያዝ አለበት፤ በተለይ የልጁና የተጓዡ ወላጅ የቤተሰብ ስም የማይመሳሰል ከሆነ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ይህን ሊጠይቅ ይችላል።

ከሰነዶቹ ሁሉ እኔን ያደከመኝ ፎቶው ነበር። በፎቶው ላይ ከሕፃኑ በቀር የማንም እጅ፣ አሻንጉሊት ወይም የአፍ ጡጦ (ለማባበል ብቻ የሚሰጥ፣ ወተት የሌለው) መታየት የለበትም፤ ራሱን ችሎ የማይቀመጥን ልጅ ደግሞ ወንበር ላይ ማንሳት አይቻልም። መላው ቀላል ነው። ነጭ አንሶላ ሳይጨማደድ ወለል ላይ ተወጥሮ ይዘረጋል፣ ሕፃኑ በጀርባው ይተኛበታል፣ አንሺው ከላይ ሆኖ የራሱ ጥላ እንዳያርፍበት ወደ ጎን ጠጋ ብሎ በመስኮት ብርሃን ያነሳል። ጠብቶና አግስቶ ከጨረሰ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ምርጥ ናቸው። ልጄን 30 ጊዜ ያህል አንስቻት ተቀባይነት ያገኘው አንዱ ብቻ ነበር፤ በሌሎቹ ወይ እጇ አፏ ውስጥ ነው፣ ወይ ፊቷ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር

ይህ ቀጠሮ የሚያስፈልገው ክትባት ተወስዶ ሰውነት መከላከያውን እስኪያዳብር ጊዜ ስለሚወስድ ነው። መጀመሪያ የሚነሣው የኩፍኝ ክትባት ነው። መደበኛው መርሐ ግብር ገና ቢሆንም፣ ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ከሆነ ቀደም ያለ አንድ ክትባት እንዲወስድ ሊመከር ይችላል፤ ይህኛው ግን እንደ ተጨማሪ የሚቆጠር በመሆኑ ልጁ መደበኛዎቹን ክትባቶች በጊዜያቸው መውሰዱ አይቀርም። የቢጫ ወባ ክትባት በመደበኛነት የሚሰጠው ከ9 ወር ጀምሮ ነው፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ የምስክር ወረቀቱም የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ልጇ 9 ወር ያልሞላው የምታጠባ እናት ይህን ክትባት ከመውሰዷ በፊት ማጥባቷን ለሐኪሙ መንገር ይኖርባታል።

መዳረሻው ወባ ያለበት አካባቢ ከሆነና ጉዞው ግድ ካልሆነ፣ ሕፃኑ ከፍ እስኪል ማዘግየቱን እመርጣለሁ፤ በጣም ትንሽ ክብደት ላላቸው ሕፃናት የመከላከያ መድኃኒት ምርጫው ጠባብ ነውና። መሄድ የግድ ከሆነ አጎበር ዋናው ጋሻ ነው። ዲኢኢቲ የተባለው የትንኝ መከላከያ ቅባት ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም።

በዚሁ ቀጠሮ ሕፃኑ ይመዘናል፤ የትኩሳት መድኃኒቱም በክብደቱ ልክ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰዳል። በባዕድ አገር፣ በሌሊት፣ በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ ጠርሙስ ይዞ መጠን መገመት አይገባም። በረራው ላይ እንዲተኛ ብሎ የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ሕፃናትን ጭራሽ ያነቃቸዋል፣ አተነፋፈሳቸውንም ሊጎዳ ይችላል።

የመነሻ መዝገብ መክፈት

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ደብተር ይከፈትና ሕፃኑ ዛሬ የሚያደርገው ነገር ከነቀኑ ይጻፋል። “ጎበዝ ነው፣ ይጫወታል” የሚል ማስታወሻ አይጠቅምም። “በሆዱ ሲተኛ ደረቱን ከወለሉ ያነሳል፤ ቀለበቱን በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ግራው ያዛውራል፤ ከኋላው ስሙ ሲጠራ ይዞራል” የሚለው ግን ከወር በኋላም የሚያነጻጽሩበት ነው። ከጽሑፉ ጋር የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ቢያያዝ የበለጠ ይረዳል፤ ሐኪም ከወላጅ ትዝታ ይልቅ ቪዲዮውን ማየት ይመርጣል።

ምን እንደሚጻፍ ለማወቅ የሚከተሉትን ምልክቶች መያዝ ይበቃል። በ2 ወር ገደማ ሕፃኑ ሲያናግሩት ወይም ፈገግ ሲሉለት መልሶ ፈገግ ይላል፣ ሰው ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ይከተላል። በ4 ወር ታቅፎ ሳለ አንገቱን ሳይደገፍ ቀጥ ያደርጋል፣ የገዛ እጆቹን በመገረም ያያል፣ ለሚያናግረው ሰው በድምፅ ይመልሳል። በ6 ወር ከሆዱ ወደ ጀርባው ይገለበጣል፣ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች ይለያል። በ9 ወር ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፣ “ማማማማ”፣ “ባባባባ” እያለ ድምፅ ይደጋግማል፣ የወደቀበትን ዕቃ ይፈልጋል፣ ባዳ ሲያይ ወደ እናቱ አንገት ይሸጎጣል። በ12 ወር የሆነ ነገር ይዞ ይቆማል፣ ትንንሽ ነገሮችን በአውራና በአመልካች ጣቱ ይለቅማል፣ “ቻው” ብሎ እጁን ያውለበልባል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2022 ያሻሻለው የምልክቶች ዝርዝር፣ በተጠቀሰው ዕድሜ ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ያደርጉታል ተብሎ የሚጠበቀውን ነገር እንዲይዝ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት ሲዘገይ ሐኪም እንዲያየው ምክንያት ይሆናል እንጂ በሽታ አለ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 ባወጣው ጥናት ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አሳይቷል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻ መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፤ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ በቀጥታ የሚቆሙም አሉ። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ድክ ድክ ማለቱ ለማንም መለኪያ አይሆንም።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። 8 ሳምንት ቀድሞ የተወለደ ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከእሱ የሚጠበቀው የ4 ወር ልጅ ነገር ነው።

የእጅ ቦርሳው

ከተመዘገበው ሻንጣ ተለይቶ የሚያዘው ቦርሳ በረራው ቢዘገይ እንኳ ሊያቆይ የሚችል መሆን አለበት። ለጉዞው ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዳይፐር፣ በላዩም ጥቂት መጠባበቂያ ቢያዝ አያሳፍርም። ለሕፃኑ ሁለት ቅያሪ ልብስ ይያዛል፤ ለአቃፊውም አንድ ሸሚዝ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ትውከት የነካው ልብስ ለብሶ ውቅያኖስ ያቋርጣል።

በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ቢታዘዝም፣ ለጉዞው የሚበቃ የሕፃን ወተትና ምግብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ገደብ ነፃ ነው፤ ለፍተሻ ሠራተኛው ቀድሞ መንገርና ለብቻው አውጥቶ ማሳየት ሥራውን ያቀላል። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በረዶ በያዘ መያዣ ውስጥ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የዱቄት ወተት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውኃ ተበጥብጦ ለመጠጥ እስኪመች ይቀዘቅዛል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋል። ለመንገድ የሚሻለው ዱቄቱን በየአንዱ መመገቢያ ልክ ለክቶ መያዝና በሚፈለግበት ሰዓት መበጥበጥ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የአውሮፕላኑ አየር ደረቅ ነው ተብሎ ውኃ አይሰጠውም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል።

በአውሮፕላን ውስጥ

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭን ላይ እንዲጓዝ ቢፈቀድም፣ ከሁሉ አስተማማኙ በራሱ ወንበር ላይ በአቪዬሽን በተፈቀደ የሕፃን መቀመጫ መታሰሩ ነው፤ አቅም ከፈቀደ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ አያስቆጭም። ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ትኬት ሲቆረጥ መያዝ አለበት፤ የክብደት ወሰኑ እንደየአየር መንገዱ ቢለያይም ብዙ ጊዜ በ10 ኪሎ ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሲናወጥ ሕፃኑን ከዚያ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ተኝቶም ቢሆን።

የጆሮ ሕመም የሚበረታው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ነው። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ የሚከፈተው በመዋጥ ስለሆነ ጡት፣ ጡጦ ወይም የአፍ ጡጦ መጥባት ይረዳል። በመጀመሪያው በረራችን መውረድ መጀመራችን እንደተነገረ ወዲያው አጠባኋት፤ በአሥር ደቂቃ ጠግባ አፏን ዘጋች። ከመሬት ለመድረስ ግን ገና ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀረን ነበርና ጆሮዋን እየጎተተች ስታለቅስ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከማረፊያው በፊት ያለውን ጡት ትንሽ አዘገየዋለሁ፤ መሃል መሃሉንም እያቋረጥኩ እስከ መጨረሻው አደርሰዋለሁ።

ካረፉ በኋላ መጀመሪያ ወለሉ

የጉዞ ቀን ለሕፃን የእስር ቀን ነው፤ ከማዘያ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መኪና መቀመጫ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስሮ እንዳይቆይ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረውም ነቅቶ ሳለ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ይመክራል። በበረራ ቀን ይህን መፈጸም ስለማይቻል በማግስቱ ማካካስ ይገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከቤት የመጣ አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ የቤቱን ሽታ ስለያዘ ሕፃኑ በቶሎ ይረጋጋበታል። ብርድ ልብሱ ከመዘርጋቱ በፊት ወላጁ ራሱ በጉልበቱና በእጁ ወርዶ ክፍሉን በሕፃኑ ዓይን ከፍታ ሊያየው ይገባል። ቆሞ ያላየው ነገር ያኔ ይታየዋል፤ ከአልጋው ሥር የወደቀ ክኒን፣ የተንጠለጠለ የመብራት ገመድ፣ የወንበር እግር ሥር የተቀረቀረ ሳንቲም። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን አስተኝቶ በፊቱ በክንድ ርቀት አንድ የሚያውቀውን መጫወቻ ማኖር፣ ጎኑም ተኝቶ ማናገር ነው።

ሕፃኑ የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ በሆነ የራሱ አልጋ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው። የሆቴሉ ሰፊ ለስላሳ አልጋና ሶፋ ደክሟቸው ለተኙ ወላጆች ቢመችም ለሕፃን የመታፈን አደጋ አለው፤ የሕፃን አልጋ እንዲዘጋጅ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የሰዓት ልዩነቱን ለመልመድ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቀን ያህል ይሰጠዋል፤ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ብርሃን ማየቱና በአዲሱ ሰዓት መመገቡ ያፋጥነዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ይልቅ ጥላና ኮፍያ ይሻለዋል።

ድካም ነው ወይስ ሌላ ነገር?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ ሊነጫነጭ፣ ምግብ ሊቀንስ፣ ከእቅፍ አልወርድም ሊል፣ አዲስ የጀመረውን ነገርም ለጊዜው ሊተው ይችላል። ይህን ከእውነተኛ ችግር ለመለየት ሦስት ነገሮችን አያለሁ። አንደኛው፣ በደንብ ተኝቶና ጠብቶ ከነቃ በኋላ ባለው ምርጥ ሰዓቱ ችሎታው ብልጭ ይላል ወይ የሚለው ነው፤ የደከመ ልጅ ከጠዋት እንቅልፍ በኋላ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ወደ ራሱ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻለዋል ወይስ ባለበት ነው? ሦስተኛው፣ ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው፤ ኩኩሉ ሲጫወቱት፣ ሲዘፍኑለት ዓይን ለዓይን ይገጥማል ወይ? አንድ ሳምንት ካለፈና የመነሻ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ነገር ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሳምንት የማይጠበቅላቸው ምልክቶች ደግሞ አሉ። ያደርግ የነበረውን ነገር በምርጥ ሰዓቱም ጨርሶ ማጣቱ፣ አንዱን እጅ ወይም እግር ብቻ መጠቀሙ፣ ሰውነቱ መላሸቁ ወይም መገተሩ፣ ለከፍተኛ ድምፅ ምንም ምላሽ አለመስጠቱ ከተስተዋለ ባሉበት አገር ሐኪም መታየት አለበት። በተለይ ከእንቅልፍ ሲነሣ ክንዶቹን እየበተነ፣ አንገቱን እየደፋ በተከታታይ የሚደጋገም አጭር መንቀጥቀጥ ካሳየ፣ ብርድ ወይም የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ቪዲዮ አንስቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰጋበት ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። ሕፃኑ በመዳረሻው አገር አዲስ ቋንቋ መስማቱ ንግግሩን አያዘገየውም። በዙሪያው ያሉት ሰዎች በቋንቋቸው ያናግሩት፤ ወላጁም በራሱ ቋንቋ ይቀጥል።

ሕመም ሲያጋጥም

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ተቅማጥ ከያዘው ጡት ሳይቋረጥ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጨመርለታል፤ ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ፈሳሽ አልቆበታልና ሕክምና ያሻዋል። ሳል ሲይዘው ማር ማቅመስ የሚቀናው ዘመድ ቢኖር፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በፍጹም እንደማይሰጥ በትሕትና ይነገረው።

ሲመለሱ

ወደ ቤት ከተመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የሰዓቱ ልዩነት ሲለቀው፣ ያው ብርድ ልብስ እዚያው ወለል ላይ ይዘርጋና የመነሻ መዝገቡ ነጥብ በነጥብ እንደገና ይታይ። በጉዞው የታዩ አዳዲስ ነገሮች በአጠገቡ ይጻፉ። ደብተሩና ቪዲዮዎቹ በሚቀጥለው የክትባት ቀጠሮ አብረው ይሂዱ፤ ቀደም ብሎ የተወሰደው የኩፍኝ ክትባትም መደበኛውን እንዳይተካ “ተጨማሪ” ተብሎ በካርዱ ላይ መስፈሩ ይረጋገጥ። ወባ ካለበት አካባቢ ተመልሰው በሚቀጥሉት ወራት ሕፃኑን ትኩሳት ቢይዘው፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው የሄዱበት አገርና የተመለሱበት ቀን ነው።